አገር በአረቄው ሲታወቅ

ወደ ውጭ አገር ሔዶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ስላየው ሕንፃ፣ ስለ ሰፊው ጎዳና፣ ስለ ቤተ መዘክሩና ስለ ፋብሪካው ነው። ይህም መጠየቁ ደግ ነው፤ የአንድ ሕዝብ ሥልጣኔ ጎልቶ ከሚታይባቸው ነገሮች እነዚህ ዋነኞቹ ናቸውና። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ከምድሩ ጋራ ያለውን ውል ለመረዳት የሚወድ ሰው፣ ከዋናው ከተማ ወጣ ብሎ ባላገሩ የሚበላውንና የሚጠጣውን መመርመር ይገባዋል እንላለን። ምክንያቱም ሕንፃ ገንዘብና መሐንዲስ ከተገኘለት በጥቂት ዓመት ይቆማል፤ የአንድ ወረዳ ምግብና መጠጥ ግን አፈሩ፣ አየሩ፣ የአባቶች ብልኀትና የብዙ ዘመን ትዕግሥት ተባብረው ካልሠሩት በቀር በማንም ትእዛዝ አይገኝም።

እኛም በሥራ ጉዳይ ወደ ፈረንሳይ አገር ተልከን ሳለ፣ የተላክንበትን ጉዳይ ከፈጸምን በኋላ የነበረችንን የዕረፍት ጊዜ በዚሁ አሳብ ልናውላት ወሰንን። ጥቅምትንና የኅዳርን መጀመሪያ በባቡርና በአውቶቡስ ከወረዳ ወደ ወረዳ እየተዘዋወርን፣ የየአገሩ ባላገር ከፍሬው፣ ከቅጠሉና ከሥሩ የሚያወጣውን አረቄና ሊኮር እየጠየቅን ተመለከትን። ይህን ያደረግነው በመጠጥ ፍቅር ተይዘን እንዳልሆነ አንባቢያችን ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን። የቀመስነው ሁሉ ተደምሮ አንድ ብርሌ የሚሞላ አይመስለንም፤ የጻፍንበት ማስታወሻ ግን ሁለት ደብተር ሞልቷል። የፈረንሳይን ታሪክ በተናገርን ጊዜ የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

መጀመሪያ የደረስነው ኖርማንዲ ከሚባለው የሰሜን ምዕራብ አገር ነው። አየሩ ብርዳምና ዝናባም ስለ ሆነ የወይን ተክል አይመቸውም፤ የፖም ዛፍ ግን እንደ ልቡ ያድግበታል። የአገሩ ሰውም «ወይን ለምን ተከለከልን» ብሎ አላዘነም፤ ከፖሙ ጠጅ ጣለ፣ ከጠጁም አረቄ አወጣ። ይህም አረቄ ካልቫዶስ ይባላል። ጂል ደ ጉበርቪል የተባለ የአገሩ ባለ ርስት በ1553 ዓ.ም. በዕለት ማስታወሻው ላይ ከፖም ጠጅ አረቄ ስለ ማውጣት ጽፎ ይገኛልና፣ ሥራው ከአራት መቶ ሰባ ዓመት የበለጠ ዕድሜ አለው። አረቄው ከወጣ በኋላ በኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ ሁለት ዓመት ካልተቀመጠ ካልቫዶስ ተብሎ አይሸጥም። ኦዥ በሚባለው አውራጃ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ ይወጣል፤ በዶምፍሮን በኩል ደግሞ ከፖሙ ጋራ ከመቶ ሠላሳ የማያንስ የፒር ፍሬ ይገባበታል። እንግዲህ ከአንዱ ቀበሌ ወደ አንዱ ቀበሌ ሲያልፉ ሥርዐቱ ይለወጣል፤ ሥርዐቱም የተጻፈና በሕግ የታሰረ ነው።

እዚያ ያሳደሩን አሮጊት ባልቴት በራት መካከል፣ አንዱ ወጥ ተነሥቶ ሁለተኛው ሳይቀርብ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ብርጭቆ አቀረቡልን። ይህ ልማድ «የኖርማንዲ ቀዳዳ» ይባላል፤ በሆድ ውስጥ ለሚመጣው ምግብ ቦታ ይከፍታል ተብሎ ይታመናልና። እኛም በአገራችን ጮማ ከተበላ በኋላ ሽማግሌዎች «ይህችን ለማስፈጨት» እያሉ የሚቀምሷትን አስታወስንና በልባችን ፈገግ አልን። የሰው ልጅ ቋንቋው ቢለያይም ለመጠጫ የሚያቀርበው ምክንያት ግን አንድ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወርደን ሻራንት በሚባለው ወንዝ ዳር ያለችውን ኮኛክን አየን። በአገራችን «ኮኛክ» ማለት ለብዙ ሰው ቡናማ መልክ ያለው አረቄ ሁሉ መጠሪያ ነው። በእውነቱ ግን ኮኛክ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ነው፤ በ1909 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ወሰኑ ከተከለለው ምድር ውጭ የተሠራ አረቄ በዚህ ስም ሊጠራ እንዳይችል ፈረንሳዮች ደንግገዋል። የሥራውም ነገር የሚያስደንቅ ነው። የአካባቢው ወይን ጠጅ ስስና ኮምጣጣ ስለ ሆነ በገበታ ላይ ብዙ አይመሰገንም። ነገር ግን ይኸው ነቀፌታው ለአረቄ ምስጋና ሆነለት። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ወደዚያ የሚመላለሱ የሆላንድ ነጋዴዎች ወይኑን እያፈሉ አረቄውን ያወጡ ነበርና «የተቃጠለ ወይን» አሉት፤ ብራንዲ የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው።

ጠጁ በመዳብ ጋን ውስጥ ሆኖ በእሳት ይፈላል፤ እንፋሎቱ በተቆለመመ ቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ መካከል ሲወርድ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚወጣው ከመቶ ሠላሳ ያህል ኃይል ያለው ደፍራሳ ነገር ነው። ይህንኑ መልሰው ያፈሉታል፤ በሁለተኛውም ጊዜ መጀመሪያ የወረደውንና መጨረሻ የወረደውን ለይተው፣ መካከለኛውን «ልብ» ብለው ያስቀሩታል። ይህም ከመቶ ሰባ ያህል ኃይል አለው። አንድ ሊትር ለማግኘት ወደ ዘጠኝ ሊትር ወይን ጠጅ ይጠፋል።

ይህን ያስረዳን ሠራተኛ ከመዳቡ ጋን አጠገብ ቆሞ «ሁለት ጊዜ ማውጣት የኛ አገር ምሥጢር ነው» ሲለን፣ እኛ ግን የተሰማን ነገር ሌላ ነበር። ያሳደገችን አክስታችን በደብረ ብርሃን ከተማ አረቄ እያወጣች በመሸጥ ነበር ደብተርና ጫማ የገዛችልን። ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አስፈጭታ፣ ጥንስሱን ጠንስሳ፣ ድፍድፉ በደረሰ ጊዜ በሸክላ ማሰሮ ትጥደዋለች። አፉን በጭቃ መርጋ መቃ ትሰካበታለች፤ መቃውም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ውሃው ሲሞቅ እየቀዳን የምንለውጥላት እኛ ነበርን። ለተራ ገበያ አንድ ጊዜ የወጣውን ትሸጣለች፤ ለሠርግና ለክብር እንግዳ ግን ያንኑ መልሳ ታወጣውና «ዳግም» ትለዋለች። ከእሳቱ ላይ ጠብ አድርጋ የነበልባሉን መልክ በማየት ኃይሉን ትለካለች። መዳብና መቃ፣ ወይንና ዳጉሳ ይለያያሉ፤ ብልኀቱ ግን አንድ ነው። ይህንም ለዚያ ሠራተኛ በነገርነው ጊዜ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እንግዲያስ አክስትዎ የሙያ እኅታችን ናቸው» አለን። በሰው አገር ከሰማናቸው የምስጋና ቃላት ሁሉ ይህ ይበልጥብናል።

ኮኛክ በበርሜል ሆኖ ሲቀመጥ በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ያህል በእንጨቱ ቀዳዳ እየተነነ ይጠፋል። ፈረንሳዮች ይህን ኪሣራ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ከሚተነውም የተነሣ በመጋዘኖቹ ግድግዳና ጣራ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል፤ ጥላሸት የተቀባ የሚመስል ቤት ካዩ በውስጡ አረቄ እንዳለ ይታወቃል። ቢያንስ ሁለት ዓመት መቀመጥ ግዴታ ሲሆን፣ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቀመጥ አለ። እንግዲህ ዛሬ በርሜሉን የሚሞላው ሰው የሚደክመው ለልጅ ልጁ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠውም አያቱ ያስቀመጠለትን ነው። የአውሮፓን አንድነት ካቀዱት ታላላቅ ሰዎች አንዱ የሆነው ዣን ሞኔ በ1888 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ከኮኛክ ነጋዴ ቤት መወለዱን ስንሰማ፣ ከሕይወቱ በኋላ ለሚመጣ ዘመን ማሰብን ምናልባት ከአባቱ ምድር ቤት ተምሮት ይሆን አልን።

ከኮኛክ ወደ ጋስኮኝ ወረድን። እዚያ አርማኛክ የሚባለው አለ፤ የአገሩ ሰዎች ከኮኛክ እንደሚቀድም በኩራት ይናገራሉ። አርማኛክ እንደ ኮኛክ በታላላቅ ነጋዴዎች እጅ የገባ አይደለም፤ አብዛኛው የገበሬ ሥራ ነው። ሁለት ጊዜ ሳይሆን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ ስለዚህም የምድሩ ጠረን ይበልጥ ይቀርበታል ይላሉ። የራሱ ማውጫ የሌለው ገበሬም ብዙ ነውና፣ በጎማ ላይ የተተከለ የመዳብ ማውጫ በኅዳር ወራት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ማውጫው በደረሰበት ግቢ ሁሉ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እሳቱ ሌሊቱን ስለማይጠፋ ዳክዬ ይጠበሳል፣ ተረት ይወራል፤ ደቦ ማለት ነው።

በ1870ዎቹ ዓመታት ፊሎክሴራ የሚባል ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ የፈረንሳይን የወይን ሥር እየበላ አጥፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ባላገር ቤት ተዘጋ። በዚህ አውራጃ ግን ፍራንሷ ባኮ የተባለ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር፣ የአገሩን ወይን ከአሜሪካው ጋራ በማዳቀል በ1898 ዓ.ም. ተባዩን የሚችል ተክል አስገኘ። ተክሉ እስከ ዛሬ በስሙ ባኮ ይባላል፤ ከእርሱም አርማኛክ ይወጣል። ሚኒስትር ያልሆነ፣ ታላቅ ሀብት የሌለው አንድ መምህር በትምህርት ቤቱ አካባቢ ያለውን ችግር አይቶ ዝም ባለማለቱ ለአንድ አውራጃ እንጀራ መለሰ። ይህን መጽሔት የሚያነቡ መምህራን ይህን ስም ቢያስቡት ደስ ይለናል።

በዚያ አውራጃ አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ገበሬ ምድር ቤታቸውን አሳዩን። በርሜሎቹ በጠመኔ ዓመታቸው ተጽፎባቸዋል፤ አንዱ በርሜል ሽማግሌው ራሳቸው በተወለዱበት ዓመት አባታቸው የሞሉት ነበር። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ቱሉዝ ከተማ ገብተው በአውሮፕላን ሥራ ተቀጥረዋል። «ይህን ማን ይረከባል?» ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ከመደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ ደብተር አወረዱ። አባታቸው ከጀመሩት ቀን አንሥቶ የየዓመቱ ዝናብ፣ ወይኑ የተለቀመበት ቀን፣ እሳቱ የቆየበት ሰዓትና የበርሜሉ እንጨት ሁሉ ተጽፎበታል። «ልጆቼ ባይመጡ የሌላ ሰው ልጅ ይመጣል፤ ደብተሩ ካለ ሥራው አይሞትም» አሉን። ቀጥለውም «እናንተስ አገር አረቄ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁን። አለ አልናቸው፤ የአክስታችንንም ነገር አወጋናቸው። በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ «በጠርሙሱ ላይ የማን ስም ተጽፎ ነበር?» አሉ። በጠርሙሱ ላይ የማንም ስም አልነበረም። አክስታችን ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የጌሾዋን ልክና የእሳቷን መጠን የሚያውቅ ሰው ዛሬ በቤታችን የለም። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ ደብተራቸውን ከድነው ጥቂት ዝም አሉ፤ እኛም ዝም አልን።

የጽሑፍን ነገር ካነሣን፣ በግሬኖብል ከተማ አጠገብ በተራራ ውስጥ ስላለው ስለ ሻርትሩዝ ገዳም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ይህ ገዳም በ1084 ዓ.ም. በቅዱስ ብሩኖ የተመሠረተ ነው። በ1605 ዓ.ም. አንድ መስፍን የዕድሜ ማርዘሚያ መድኃኒት አሠራር የተጻፈበትን ብራና ለማኅበሩ መነኮሳት ሰጠ። ብራናው ውስብስብ ስለ ነበረ መነኮሳቱ አጥንተው የጨረሱት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በ1737 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓይነት ቅጠል፣ አበባና ሥር የሚሠራው አረንጓዴው ሊኮር ከዚያ የተገኘ ሲሆን፣ ቀለሙ ከዕፀዋቱ የመጣ ነው እንጂ የተጨመረበት አይደለም። ሙሉውን አሠራር የሚያውቁት ጥቂት መነኮሳት ብቻ ናቸው። በ1810 ዓ.ም. ናፖሌዎን ምሥጢራዊ መድኃኒቶች ሁሉ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ይቅረቡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ይህም ጽሑፍ ቀርቦ፣ ሹማምንቱ «አልተፈለገም» ብለው መለሱት ተብሎ ይተረካል። መዝገብ ቤት የሚሠሩ ወዳጆቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወስዱትን ትምህርት ለራሳቸው እንተዋለን።

በ1903 ዓ.ም. መንግሥት መነኮሳቱን ከአገር አስወጥቶ ንብረታቸውንና የሊኮራቸውን ስም ሸጠ። ስሙን የገዙት ሰዎች ግን ብራናው ስላልነበራቸው ያንኑ ጣዕም ማምጣት አልቻሉም፤ መነኮሳቱ በስፔን አገር በታራጎና ሆነው እውነተኛውን ሲሠሩ ኖረው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቅርቡ ደግሞ የዓለም ገበያ እጅግ በፈለጋቸው ጊዜ «ሥራችን ጸሎት ነው» ብለው ምርቱን ከልኩ በላይ እንዳያበዙ ወሰኑ። ስም ብቻውን ያለ ዕውቀት ባዶ ጠርሙስ እንደ ሆነ፣ ዕውቀትም ልኩን ካላወቀ ራሱን እንደሚያጠፋ ከዚህ ተረዳን።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ የመጠጥን ሌላ ፊት ሳናሳይ ብናልፍ ለእውነት አናደላም። በስዊስ ወሰን አጠገብ ያለችው ፖንታርሊዬ ከተማ የአብሳንት አገር ናት። አብሳንት የአሪቲ ወገን ከሆነ መራራ ቅጠል፣ ከአኒስና ከእንስላል የሚሠራ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣ ብርቱ አረቄ ነው። በ1901 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መብረቅ ወርዶ ታላቁን ፋብሪካ አቃጠለው፤ እሳቱም እንዳይባባስ አረቄው ወደ ዱ ወንዝ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ሽታው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከሉ ወንዝ ምንጭ ወጣ፤ ሁለቱ ወንዞች በምድር ውስጥ እንደሚገናኙም በዚህ ምክንያት ታወቀ። በአደጋ እንኳ ዕውቀት ይገኛል።

ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ሠራተኛ ደመወዙን በአብሳንት ይጨርስ፣ ቤተ ሰቡም ይራብ ስለ ነበር፣ የፈረንሳይ መንግሥት በ1915 ዓ.ም. አብሳንትን በሕግ ከለከለ፤ ሕጉም የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ገበሬ ከራሱ ፍሬ ያለ ቀረጥ አረቄ እንዲያወጣ የነበረው የውርስ መብትም በ1960 ዓ.ም. ለልጅ እንዳይተላለፍ ተደረገ። ፒዬር ማንዴስ ፍራንስ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩበት በ1954 ዓ.ም. ለተማሪዎች ወተት እንዲታደል አደረጉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ዐሥራ አራት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በትምህርት ቤት ምግብ ቤት መጠጥ እንዳይሰጥ ታዘዘ። ይህን ያደረገው ያው ስለ ኮኛክና ስለ አርማኛክ የሚኮራው መንግሥት ነው። መልካሙን አክብሮ ጎጂውን መግታት እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር አይደለምና።

እኛም ይህን የምንለው ከሩቅ አይተን አይደለም። አክስታችን አረቄ በምትሸጥበት ሰፈር አንድ የተመሰገኑ አናጢ ነበሩ፤ መጋዛቸውን፣ ቀጥሎም መዶሻቸውን፣ በመጨረሻም ቤታቸውን ጠጥተው ዐረፉ። አክስታችን ለእኚህ ሰው መሸጥ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ነገር ግን ጎረቤት ሁሉ ሻጭ ነበረ። በቀብራቸው ቀን እንደ ወንድም አልቅሳላቸዋለች። እንግዲህ አንዲት ማሰሮ በአንድ ወገን ልጅ አስተማረች፣ በሌላው ወገን ቤት አፈረሰች። ስለ አረቄ የሚናገር ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ቢናገር ግማሽ እውነት ተናገረ።

ታዲያ ከዚህ ጉዞ ለአገራችን የሚሆን ምን አገኘን? ፈረንሳዮች አረቄያቸውን ወደ ክብር ያደረሱት ከእኛ የተለየ ጥበብ ከሰማይ ወርዶላቸው አይደለም። ሦስት ነገር አደረጉ፤ ጻፉት፣ ወሰን አበጁለት፣ ስሙን ጠበቁለት። በ1935 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቋቁመው፣ የየወረዳውን ስም ያለ ወረዳው ፈቃድ ማንም እንዳይሸጠው አድርገዋል። ሥርዐቱ ከተጻፈም ዘንድ ጥራቱ ይመረመራል፤ ጠጪውም ከመርዝ ይድናል። በእኛም አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. መንግሥታችን የይርጋ ጨፌ፣ የሐረርና የሲዳሞ ቡና ስሞች በአሜሪካ አገር እንዲመዘገቡለት ማመልከቱ፣ የቦታ ስም የገበሬው ርስት መሆኑን መረዳታችንን ያሳያል። ለቡና የታሰበው ለጠጃችን፣ ለማራችን፣ ለቅቤያችን፣ ለአረቄያችንም ቢታሰብ መልካም ነው።

ይህም በትልቅ በጀት የሚጀመር ሥራ አይደለም። ተማሪ በዕረፍቱ ወደ ወላጆቹ ሲሔድ፣ ጠላ የምትጠምቀውን አያቱን፣ ጠጅ የምትጥለውን እናቱን፣ አረቄ የምታወጣውን ጎረቤቱን ጠይቆ የጌሾውን ልክ፣ የብቅሉን ዓይነት፣ የቀኑን ቁጥርና የሴቲቱን ስም ይጻፍ። መምህር ይህን እንደ ትምህርት አድርጎ ይዘዘው፤ ሹምም የተጻፈው በቀረበለት ጊዜ «አልተፈለገም» ብሎ አይመልሰው። የሴቶቻችን ሙያ እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ እጅ ግን ይሞታል። ደብተር ከእጅ ይልቅ ዕድሜ አለውና፣ ሙያቸውን ስማቸው ያለበት ደብተር ውስጥ እናስገባላቸው።